ቫርኒሽ ያልነካው መዳብ

ስለ ሴት ማህፀን አብዝቶ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ማህፀን ያልተፈጠረለት ወንድ እና የራሷ ማህፀን ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት። መዳቢት ቀኑን ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር በሥራ ቦታ፣ ምሽቱን ከሁለተኛው ዓይነት ጋር በቤቷ ታሳልፋለች። በመካከል ያለው የአውቶቡስ መንገድ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በቀን ውስጥ ማንም የማይመክራት እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መቀመጫ ካገኘች።

መዳቢት እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሥራ ቦታ የተለጠፈባት ነው። ዲናሞ ጠቅላይ ናት። የተቃጠለ ሞተር ሲመጣላት ሆዱን ትከፍታለች፣ የነደደውን ሽቦ ጎልጉላ ታወጣለች፣ ዙሩን ቆጥራ ወረቀት ላይ ትይዛለች፣ ከዚያ በአዲስ የመዳብ ሽቦ ከመጀመሪያው አሳምራ ትጠቀልለዋለች። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ቆይታለች። ጣቶቿ ከመደንደናቸው የተነሳ የፈላ ሻይ ያለበትን ብርጭቆ ከአፉ ሳይሆን ከወገቡ ነው የምትይዘው፤ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ መሰንጠቁን ግን በጥፍሯ ጫፍ ታውቃለች።

በመጠቅለያ ቤቱ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፤ የሽቦ ጫፍ ሳትጎትት አትለፍ። የሚነቀል ከሆነ ደንበኛ ቤት ሄዶ ከሚነቀል እዚሁ ይነቀል። ሁለተኛው፤ አዲስ የተጠቀለለ ሞተር ሳይሟሽ አይፈረድበትም። መሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ይሮጣል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ይሸታል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ቀይ ጨርቅ ያሰረን ሞተር የነካ እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱንም ሕጎች ያወጡት የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ ሚስታቸውም ጭምር።

ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል። መሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ሞተሩን «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብሎ ካርዱ ላይ የሚፈርመው፤ ያ ጠረጴዛ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል። መዳቢት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ልትቀመጥ ስትል ሁለት ጊዜ ተነሥታለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ሁለት ቀን የወሊድ መከላከያ ክኒን ረስታ ሁለተኛዋ ልጅ መጣች። ቀጥሎ መርፌ ጀመረች፤ የመርፌው ቀን በሥራ ብዛት አለፋትና ሦስተኛው መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሼ ሆዷን አይተው አንድ ዓይነት ነገር ነው የተናገሩት። «ልጅ በረከት ነው ልጄ። የውሃ መሥሪያ ቤት ፓምፕ ግን ዘጠኝ ወር አይጠብቅም።» ያው ፓምፕ የአንድ ወንድ ሠራተኛ እግር ሲሰበር ሁለት ወር ሙሉ በትዕግሥት ተቀምጦ መጠበቁን ያነሳ የለም። ፓምፕም ለካ ሰው ያያል።

እግሩ የተሰበረው ሰው ቫርኒሽ ይባላል። የተጠቀለለ ሞተር ቫርኒሽ ውስጥ የሚነክረው እሱ ነው፤ ንግግሩም እንደ ሥራው ላይ ላዩን ያብለጨልጫል። ዘንድሮ ከውሃ መሥሪያ ቤት አርባ ፓምፕ ሲመጣ ጋሼ ሁለቱን ጠርተው «ሥራው ስምንት ወር ነው። ሳያቋርጥ የጨረሰ ጠረጴዛው የሱ ነው» አሉ። «ሳያቋርጥ» ሲሉ ወዴት እንዳዩ መናገር አያስፈልግም።

በማግሥቱ መዳቢት ፈቃድ ጠይቃ ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ሲስተር፣ ክኒን እረሳለሁ፣ መርፌ ያልፈኛል» አለቻት ነርሷን። «እኔ ብረሳውም እሱ የማይረሳኝ ነገር ካለ አምጪልኝ።»

ሲስተር ከመሳቢያ ለማሳያ የምታስቀምጠውን ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባውን መከላከያ፣ አወጣች። እንደ መስቀያ ቅርጽ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ናት፤ ግንዷ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞባታል። መዳቢት ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻትና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች።

«ምን እየቆጠርሽ ነው?»

«ዙሩን። ማን ነው የጠቀለለው?»

«ፋብሪካ ነዋ!»

«እጁ ጥሩ ነው። አልተደራረበበትም።» አገላበጠቻት። ፊቷ ተለወጠ። «ቫርኒሹስ?»

«የምን ቫርኒሽ?»

«ሽቦው ራቁቱን ነው እኮ! ራቁቱን መዳብ እርጥበት ውስጥ? እኛ ቤት እንዲህ ያደረገ ሰው ይባረራል።»

ሲስተር ሳቋን ለመዋጥ ሞክራ አልሆነላትም። «እናንተ መዳቡ እንዳይነካ ነው የምትሸፍኑት። እኛ እንዲነካ ነው የምንፈልገው። ከመዳቡ ትንሽ ትንሽ እየወጣ የወንዱን ዘር ያሽመደምደዋል። እንቁላሏ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ቫርኒሽ ከቀባሽውማ ጌጥ ነው የሚሆነው።»

«ሥራው መራቆቱ ነው በይኛ።»

«ሥራው መራቆቱ ነው።»

«ስንቱን ያሳልፋል?»

«ከመቶ ሴቶች በዓመት ውስጥ የምታረግዘው አንድ እንኳ አትሞላም።»

«ዋስትናውስ?»

«አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይሠራል። ልጅ ባማረሽ ቀን ይወጣል፤ ሳይውል ሳያድር ማርገዝ ትችያለሽ።»

መዳቢት እጇን አጣጥፋ ተደገፈች። አሥራ አራት ዓመት ዕቃ ያገላበጠ ሰው በምስጋና አይሸነፍም። «ክፋቱን ንገሪኝ አሁን። ክፋት የሌለው ዕቃ አላውቅም።»

ሲስተርም ጥያቄውን ወደደችው። የወር አበባ እንደሚበዛና እንደሚረዝም ነገረቻት። ቁርጠትም ይኖራል። የመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ይከብዳሉ፤ ከዚያ አብዛኞቹ ሴቶች ላይ ይረጋጋል፣ ጥቂቶቹ ላይ ግን አይረጋጋም፣ ያኔ ማስወጣት መብት ነው። አንዳንዴ ቦታውን ለቆ ይወጣል። እጅግ አልፎ አልፎ ሲገባ ማህፀን ሊበሳ ይችላል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም የወር አበባ መቅረት ከመጣ ነገ ከነገ ወዲያ ሳይባል መምጣት ነው። «ከአባላዘር በሽታም አያድንም» አለች ሲስተር።

«ባሌ ሾፌር ነው፤ ከአውቶቡሱ ሌላ ወዳጅ የለውም።»

«እኔ የሚነገረውን ነው የነገርኩሽ። የመጨረሻ ነገር፤ ከታች ቀጭን ክር ይኖረዋል። በወር አንዴ፣ የወር አበባሽ ሲያበቃ፣ በጣትሽ ዳብሰሽ መኖሩን ታያለሽ። ትዳብሻለሽ እንጂ አትጎትቺም።»

«እሺ» አለች መዳቢት። አፏ ነው እሺ ያለው፤ እጇን የጠየቀው የለም።

ዕለቱን ሉፑን አስገብታ ተመለሰች፤ ቤት ውስጥ ምሥጢሩ የቆየው አራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን አማቷ መቀስ ፍለጋ ቦርሳዋን ከፍተው የጤና ጣቢያውን ካርድ አገኙ። መቀስ ቦርሳ ውስጥ ይፈለጋል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወዲያው በምግብ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጠው ለሰፊው ቤተሰብ መግለጫ አወጡ።

«ምራቴ ብረት አስገባች!»

«ብረት አይደለም እማዬ፤ መዳብ ነው።»

«ይዝጋላ!»

«መዳብ አይዝግም። ቢበዛ አረንጓዴ ይሆናል።»

«ይኸው! አረንጓዴ ልትሆን ነው!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ልጃቸው፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው የመዳቢት ባል፣ ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ቀረ። እናቱ ቀጠሉ። «ማዶ የነበረችው ሴትዮስ? ሉፑ ወደ ልቧ ወጥቶ አይደል የሞተችው?»

«እሷን እኮ መኪና ነው የገጫት።»

«ልቧ ከብዷት ነዋ ያልሮጠችው!»

ለዚህ ዓይነቱ ክርክር መልስ ያለው ሰው ገና አልተወለደም፤ ምናልባትም ሉፕ አግዶት ይሆናል። ባልየው ማንኪያውን ከአፉ አወጣ። «ተርሚናል ያሉት ሾፌሮች ደግሞ... ክሩ ባልን ይወጋል ይላሉ።»

«የትኞቹ ሾፌሮች?»

«ልምድ ያላቸው።»

«በምኑ ነው ልምድ ያላቸው? አስገብተው ያውቃሉ?»

ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። «እኔማ ምንም አላልኩም። አራተኛ ከመጣ የት እናስተኛዋለን? መለዋወጫ ጎማው ላይ?» እናቱ በክፉ ዓይን አዩት። እሱ ሰሐኑን ይዞ ተነሣ፤ በዕድሜው ሳይታዘዝ ያጠበው የመጀመሪያው ሰሐን ነበር።

ወሬ እግር የለውም ይላሉ፤ የቫርኒሽ ሚስት የመዳቢት አማት ጎረቤት ከሆነች እግር ለምን ያስፈልገዋል? በማግሥቱ መዳቢት መጠቅለያ ቤቱ ስትገባ ቫርኒሽ አንድ ትልቅ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃታል። ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ነው፤ የወዳደቀ ብሎን ይለቅሙበታል።

«እህቴ፣ ለራስሽ ብዬ ነው። ከዚህ ራቂ። ስቦ እንዳይለጥፍሽ።»

ጠቅላዮቹ ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን መዳብና ማግኔት ሲያገናኙ የኖሩ፣ ከሁለቱ እንጀራ የበሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ሴት ማህፀን ሲዞር የተማሩት ሁሉ ከጆሯቸው ይፈሳል።

መዳቢት ከወለሉ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አንሥታ ማግኔቱ ላይ አስቀመጠች። ሽቦው ተንሸራቶ ወደቀ። እንደገና አስቀመጠች፤ እንደገና ወደቀ። ከዚያ ማግኔቱን ከእጁ ተቀበለችና ቀስ ብላ ወደ ወገቡ አስጠጋችው። የቀበቶው ዘለበት ጧ! ብሎ ተለጠፈ። ቫርኒሽ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ማግኔቱም ተከተለው።

«ለራስህ ብዬ ነው ወንድሜ» አለች። «አደጋ ላይ ያለው ማን እንደሆነ አየህ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

ሳቅ ግን ቁርጠት አያስታግሥም። የመጀመሪያው ወር ዘጠኝ ቀን ፈሰሳት። ሁለተኛው አሥር። ከቱታዋ ሥር ሁለት ጥቁር ሱሪ ደርባ መልበስ ጀመረች። ቁርጠቱ ሲነሣባት ገና ከመሞከሪያው የወረደ ለብ ያለ ሞተር ፈልጋ ሆዷ ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች፤ የሚያያት ሰው ኩሽኔታውን እያዳመጠች ይመስለዋል። ሲስተር ኢቡፕሮፌን ሰጠቻት፤ ደሟን አስመርምራ ደግሞ ትንሽ ማነሱን አየችና የብረት ክኒን ጨመረችላት።

«መዳብ አስገብተሽ ብረት ታስውጪኛለሽ?» አለች መዳቢት። «ቀስ በቀስ የዕቃ መጋዘን ልታደርጊኝ ነው።»

አማቷ በየቀኑ ፊቷን በብርሃን ያዩታል፤ አረንጓዴ ፍለጋ። ሲያጡት «ውስጥ ለውስጥ ነው» ይላሉ።

በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ስድስተኛውን ፓምፕ ስታገናኝ ሆዷን ቁርጠት ይዟት ኖሮ አንዱን ጥቅል ገልብጣ አሰረችው። ፓምፑ መሞከሪያው ላይ እንደተቀሰቀሰ ጠረጴዛውን አናውጦ ጮኸ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርታ አታውቅም። ቫርኒሽ «እኔ ምንም አልናገርም» አለ፤ ይህም ብዙ የሚናገር ሰው መግቢያ ነው። ጋሼ ግን ተነሥተው አጠገቧ ቆሙና ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሏት። ስድብ ቢሆን በስድብ ትመልስ ነበር። ይህን ጥያቄ ግን ሁለት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጥያቄው በኋላ ጠረጴዛው ሄዷል።

ያን ዕለት ወሰነች። ቅዳሜ ሄዳ ታስወጣዋለች። ከዚያስ? እንደገና ክኒን፣ እንደገና መርሳት፣ እንደገና የጋሼ በረከት። ይህ ሁሉ ታያት። ግን ሰው ሲያመው ሩቅ አያይም፤ ቅዳሜን ብቻ ነው የሚያየው።

ዓርብ ረፋድ ላይ አንድ ባለ ወፍጮ ደንበኛ መጣ። ሦስቱ የማሟሻ ቀናት ሳያልቁ «ሥራ ቆሞብኛል» ብሎ በግድ የወሰደውን ሞተር በጋሪ አስጭኖ መልሶታል። ላብ በላብ ሆኖ መዳቢት የምትሠራበት ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

«ይሸታል!» አለ።

«ይሸታል። አዲስ ነዋ።»

«ይሞቃል!»

«ይሞቃል። ገና እየሟሸ ነው።»

«ያጉረመርማል!»

«አንተስ ከበር ጀምሮ እያጉረመረምክ አይደል የገባኸው? አውጥተን እንጣልህ?»

«ቀልዱን ተዪው! ክፈቺልኝና አሮጌውን ሽቦ መልሽልኝ! በሱ ሰላም ነበርኩ!»

መዳቢት ፒንሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «ሰላም? የምን ሰላም? አሮጌው አይደል ሁለት ጊዜ ያቃጠለህ? ሁለት ጊዜ ሥራህን አስፈትቶ ቤት ያስቀመጠህ እሱ አይደል? ጭስ አየህ? አላየህም። ቆጣሪህን አስፈነጠረ? አላስፈነጠረም። ትንሽ ስለሸተተህና ስለሞቀህ ሦስት ቀን መታገሥ አቅቶህ ወደሚያቃጥልህ ልትመለስ ነው? ሳይሟሽ ይፈረድበታል እንዴ? እንዴት ያለ...»

ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ሞኝ» ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ባለ ወፍጮው እስኪመጣበት ጠበቀ፤ አልመጣም። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ የራሷን ሆድ ነበር የምታየው።

«ምነው?» አለ ደንግጦ። «አመመሽ?»

«አመመኝ» አለች። «ግን ጭስ የለውም።»

ሞተሩን መልሳ መሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ቀይ ጨርቅም አሰረችለት። ከዚያው ጨርቅ ጣት የምታህል ቀድዳ የቦርሳዋ ማንጠልጠያ ላይ ቋጠረች። ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ ዋለች።

ሦስተኛው ወር ሰባት ቀን ሆነ። አራተኛው አምስት፤ ቁርጠቱም እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ብሎ ሻይ ሳይጠጣ ይሄድ ጀመር። ፓምፖቹ ሃያ አለፉ። ሞተር ስታቅፍ የምትታየው ለሥራ ብቻ ሆነ፤ ቫርኒሽም የሚያወራው ስላጣ ሥራ መሥራት ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልነገረችም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰላትም። ገና ካስገባችበት ሳምንት ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት፣ ክሩን ትፈትሸው ነበር። መፈተሽ ስትል እጇ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ሳብ ማድረግ። ብዙ አይደለም፤ ለሽቦ ጫፍ የሚበቃውን ያህል። በሕግ አንድ መሠረት። ሲስተር ያለችውን አልረሳችም፤ ግን አሥራ አራት ዓመት ያልጎተተችውን ጫፍ አምና የማታውቅ እጅ በአንድ ቀን ምክር አይታረምም።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ክሩ ከትናንቱ ረዝሞ ጠበቃት። የወር አበባዋ ደግሞ ስድስት ቀን አልፎታል።

መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች። ሃያ ስድስት ፓምፕ ተጠናቋል፤ አሥራ አራት ይቀራል። ጣቷን አጥፋ ዘጠኝ ወር ቆጠረች። ቁጥሩ የትም አልገጠመም። ጠረጴዛው ለሦስተኛ ጊዜ፣ እግሮቹን እየጎተተ፣ ከፊቷ ሲርቅ ታያት።

ስትወጣ አማቷ በሩ ላይ ነበሩ። ፊቷን አይተው ነጠላ ጫማቸውን በጫማ ቀየሩ። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። «ልቧ ጋ ደርሶ ከሆነ ምስክር ያስፈልጋል።»

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሲስተር ሌላውን ሁሉ አቆይታ በመጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ላከቻት። ውጤቱን የሚጠብቁት ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ወንበሩ ይነቃነቃል። 

«ሰባት ወልጃለሁ» አሉ አማቷ፣ ግድግዳውን እያዩ። «አራቱን ፈልጌ ነው።»

መዳቢት ዞር ብላ አየቻቸው።

«የቀሩትን ሦስት እነማን እንደሆኑ እንዳትጠይቂኝ» አሉ። «አንዱ ባልሽ ነው።»

ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። የሳቀችው ማን እንደነበረች ለይቶ ማወቅ አልተቻለም።

ሲስተር ወረቀቱን ይዛ መጣች። አላረገዘችም። ወደ ውስጥ አስገብታ ስታያት ግን ሉፑ ግማሽ መንገድ ወርዶ ተገኘ። አወጣችውና ጓንቷን ሳታወልቅ አፈጠጠችባት። «ይኼ ራሱ የወረደ አይመስለኝም። ምን አድርገሽው ነው?»

«ኧረ ምንም። በየቀኑ ትንሽ እፈትሸው ነበር።»

«እንዴት ነው የምትፈትሺው?»

መዳቢት በአየር ላይ፣ በሁለት ጣቶቿ፣ አሳየቻት። ሳብ።

ሲስተር ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «በየቀኑ? አምስት ወር? አትጎትቺ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል። አፌ ሰምቶሻል።»

«አንቺ ሴትዮ! ሉፑን ሳይሆን ዕድልሽን ነው የጎተትሽው። ከመቶ አንድ የማትሞላዋ ሴት ልትሆኚ ጥቂት ነው የቀረሽ!»

«ታዲያ የወር አበባው ለምን ቀረ?»

«ድካም ያዘገየዋል፣ ጭንቀት ያዘገየዋል። አርባ ፓምፕም ሳያዘገየው አይቀርም። እስኪመጣ ድረስ ግን ኮንዶም ተጠቀሙ፤ ሲመጣ ደግመን መርምረን አዲስ እናስገባለን።»

አማቷ በመጋረጃው በኩል ብቅ አሉ። «ልቧ ጋ አልደረሰም?»

«እማማ፣ ወደ ልብ የሚሄድ መንገድ የለውም። ይኼው ወደ ታች ሊወርድ ነበር።»

አሮጊቷ የወጣችውን ሉፕ በትሪው ላይ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይህቺው ናት?» አሉ ቅር ብሏቸው። ይህን ያህል ወሬ የተሸከመችላቸው ነገር ከጣታቸው መገጣጠሚያ አታልፍም ነበር።

የወር አበባው በሦስተኛው ቀን መጣ። መዳቢት በሕይወቷ ለቁርጠት እንዲህ ተደስታ አታውቅም። ደግማ ተመርምራ አዲስ መዳብ፣ አዲስ ክር ይዛ ተመለሰች፤ ማሟሻውም ሀ ብሎ ጀመረ። ስምንት ቀን ፈሰሰ፣ ሆዷን ቆረጣት፣ ለብ ያለ ሞተር ታቀፈች። በዚህ ጊዜ ግን ምን እንደሆነ ታውቀዋለችና ጥቅል አልገለበጠችም። በየጠዋቱ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ግን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ትቀብራቸዋለች።

በሠፈሩ ደግሞ አዲስ መግለጫ ወጣ። የቀድሞው በሙሉ መሻሩን ያስታወቀ አልነበረም፤ የወሬ ጽሕፈት ቤት ማረሚያ አያወጣም። «መዳብ ልብ ጋ ይደርሳል የሚል ሰው አላዋቂ ነው» እያሉ አማቷ ለቫርኒሽ ሚስት ሲያስረዱ ተሰሙ። «እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ። ይህቺን ታህላለች። ችግሩ የሚጎትታት ሰው ነው።» የቫርኒሽ ሚስት ጆሮዋን አስጠግታ የጤና ጣቢያውን የሥራ ሰዓት ጠየቀች።

አርባኛው ፓምፕ ቀይ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ መሞከሪያው ላይ ሦስተኛ ቀኑን ሲሮጥ ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ጎን ሳብ አድርገው ቆሙ። ስምንት ወር ሞልቷል። መዳቢት አጠገባቸው ቆማ ድምፁን ታዳምጣለች። ፓምፑ እኩል ይተነፍሳል። ቫርኒሽ በዚያ በኩል መጣና፣ መቼም እጁ ሥራ ሲያጣ ነገር ይፈልጋል፣ ከፓምፑ የወጣውን የሽቦ ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ።

ሳብ ከማድረጉ በፊት መዳቢት እጁን በመሃረብ መታችው።

«ቀይ ጨርቁ አይታይህም?»

«ሕግ ነው!» አለ እጁን እያሻሸ። «ሳትጎትት አትለፍ!»

«መጎተት በነበረበት ሰዓት ጎትቼዋለሁ፤ ከሁሉ በፊት፣ ቫርኒሽ ውስጥ ሳይገባ። ከገባና ከሠራ በኋላ የሚጎትት ሰው ሥራ ፈት ነው፤ ወይም እኔ ነኝ።» ኋለኛውን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። «አሁን መዳበስ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

ጋሼ የሰሙትን ሰምተው፣ ያልገባቸውን ትተው፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና ቱታዋ ኪስ ውስጥ ሰኩት።  በረከትም አላሉ፣ ዘጠኝ ወርም አላሉ። ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

መዳቢት ተቀመጠች። አሥራ አራት ዓመት የቆመችለት ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ይነቃነቃል። ካርዱን አነሣች፣ «አለፈ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ትንሽ አሰበችና ከፊርማዋ ሥር አንድ መስመር ጨመረች።

ጋሼ ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው አነበቡት። «በወር አንዴ ዳብስ። አትጎትት።» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ይኼ ሦስተኛ ሕግ መቼ ነው የወጣው ልጄ?»

«ዘንድሮ ነው ጋሼ» አለች መዳቢት። «ሁለት ጊዜ አሟሽቼዋለሁ።»